«ነፋስ እንዳይመታሽ!»፦ ከሕመም በኋላ ስለ መሮጥና ስለ ስፖርት ዘገባችን

መግቢያ

ከባሕር ዳር ወደ ሐሙሲት በሚኒባስ ተሳፍሮ የሚያውቅ ሰው የመስኮቱን ክርክር ያውቀዋል። ሙቀት ነው፣ ሰው ተጨናንቋል፣ አንዱ ወጣት መስኮቱን ገርበብ ያደርገዋል። ወዲያው ከኋላ ወንበር «ኧረ በእመብርሃን ዝጋልን፣ ንፋስ ይመታናል!» የሚል ድምፅ ይመጣል። ወጣቱ ትንሽ ያጉረመርማል፤ መጨረሻ ላይ ግን መስኮቱ ይዘጋል። እስካሁን በተጓዝኩባቸው ጊዜያት ይህን ክርክር ይከፈት ባዩ ሲያሸንፍ አላጋጠመኝም።

በእኛ አገር ነፋስ ተጠርጣሪ ነው። አራስ ከነፋስ ትጠበቃለች፣ በሽተኛ ከነፋስ ይጠበቃል፣ ከሕመም የተነሳ ሰውማ ገና ደጅ ብቅ ሲል ጋቢ ይደረብበታል። እኔም በ2017 ዓ.ም. ወባ ታምሜ ሐሙሲት ቤተሰቦቼ ዘንድ በተኛሁበት ጊዜ ከእናቴ አፍ በቀን አሥር ጊዜ የምሰማው «ንፋስ እንዳይመታሽ» የሚለውን ነበር። ይሁን እንጂ በሕይወቴ ከሮጥኳቸው ሩጫዎች ሁሉ በጣም የተደሰትኩበት፣ ከዚያ ሕመም በኋላ ከጣና በኩል የሚመጣውን ነፋስ ፊት ለፊት ተጋፍጬ የሮጥኩት ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ከሕመም ወደ ሩጫ መመለስ ምን ማለት እንደሆነ ከራሴ ገጠመኝና ከሚታወቀው ሳይንስ ተነስቶ ማሳየት። ሁለተኛ፣ እኛ የጋዜጠኝነት ተማሪዎች ታሞ የተመለሰን ሯጭ ታሪክ ስንጽፍ አንድ ትልቅ ነገር እንደምንዘል፣ ያ የምንዘለውም ነገር ሰው ሊጎዳ እንደሚችል መጠቆም ነው። ሁለቱ ጉዳዮች የማይገናኙ ሊመስሉ ይችላሉ። እኔ ላይ ግን ተገናኝተዋል፤ ያውም አንድ የጤፍ ማሳ ዳር ላይ።

የኮራሁበት የቤት ሥራ

የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሳለን «አንድ ኢትዮጵያዊ አትሌት መርጣችሁ ታሪኩን በሁለት ገጽ ጻፉ» ተባልን። ከልጅነቴ ጀምሮ ስለምሮጥ ለእኔ ምርጫው ከባድ አልነበረም። አበበ ቢቂላን መረጥኩ። የጻፍኩትም ሁላችንም የምናውቀውን ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ ማራቶንን በ2፡15፡16 አሸነፈ። ከአራት ዓመት በኋላ ለቶኪዮ ኦሊምፒክ ሲዘጋጅ፣ ውድድሩ ከስድስት ሳምንት ያነሰ ጊዜ ሲቀረው ትርፍ አንጀቱን ታሞ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ሆኖም ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ በ2፡12፡11 አንደኛ ወጣ። ሰዓቱ እስከዚያ ከተሮጡት ሁሉ የፈጠነ ነበር። ሁለተኛ የወጣው እንግሊዛዊው ባሲል ሂትሊ ከአራት ደቂቃ በላይ ዘግይቶ ገባ። አበበ ግን መስመሩን እንዳለፈ ሣሩ ላይ ሰውነቱን ሲያፍታታ ታየ።

እኔም ጽሑፌን «አበበ ሕመሙን ድል ነስቶ ዓለምን አስደመመ» ብዬ ዘጋሁት። እውነቱን ለመናገር በዚች ዓረፍተ ነገር በጣም ኮርቼባት ነበር። ለጓደኞቼ ሁለቴ አንብቤላቸዋለሁ።

ወረቀቱ ሳይመለስልኝ ታመምኩ። ጥቅምት ማለቂያ ላይ ነው። መጀመሪያ ጉንፋን መስሎኝ ሁለት ቀን ቻልኩት። ከዚያ ብርድ ብርድ አለኝ፣ ብርድ ልብስ ቢደረብ ቢደራረብ አልሞቅ አልኩ፣ ቀጥሎ ደግሞ እሳት ሆንኩ። ወላጆቼ መጥተው ወደ ሐሙሲት ወሰዱኝ። ደሜ ሲመረመር ፋልሲፓረም የሚባለው የወባ ዓይነት ተገኘ፤ ኮአርተም ጠዋትና ማታ ለሦስት ቀን ዋጥኩ። ትኩሳቱ ለቀቀኝ።

በዚያ ዓመት የታመምኩት ብቻዬን አልነበረም። የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው መረጃ መሠረት እ.ኤ.አ. ከጥር 1 እስከ ጥቅምት 20 ቀን 2024 ባለው ጊዜ ብቻ በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕመምተኞች ተመዝግበዋል፤ 1,157 ሰዎች ሞተዋል። በጣና ዙሪያ ያሉት ደራና ፎገራን የመሰሉ ወረዳዎች ደግሞ ክረምቱ ካበቃ በኋላ ወባ እንደሚበረታባቸው የአካባቢው ሰው ሁሉ ያውቃል። ይህን ጽሑፍ ከምታነቡት መካከልም ብዙዎቻችሁ በሽታውን በራሳችሁ ወይም በቤተሰባችሁ እንደምታውቁት አልጠራጠርም።

«ማን አሳደደሽ?»

መድኃኒቱን በጨረስኩ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ለመሮጥ ወጣሁ። ትኩሳት የለኝም፣ ራሴን አያመኝም፣ እንጀራ መብላት ጀምሬአለሁ። በዚያ ላይ በጭንቅላቴ ውስጥ የምትጮኸው ያቺ የራሴ ዓረፍተ ነገር ነበረች። አበበ ከቀዶ ሕክምና ተነስቶ ማራቶን ካሸነፈ እኔ ከወባ ተነስቼ አምስት ኪሎ ሜትር ብሮጥ ምን አለበት? እናቴ ጓሮ ሳለች በቀስታ ሾልኬ ወጣሁ።

መንገዴ ከከተማው ወደ ምዕራብ፣ ወደ ጣና አቅጣጫ የሚወስድ በማሳዎች መካከል የሚያልፍ የእግር መንገድ ነው። ሁልጊዜ የምሮጥበት ነው። የመጀመሪያውን ጥቂት ደቂቃ ደህና ሄድኩ። አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ ሳልሞላ ግን ልቤ ጆሮዬ ውስጥ መምታት ጀመረ። እግሬ የእኔ አልመስል አለኝ። ዓይኔ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ መጣ። ከዚያ መንገዱ ዳር ቁጭ አልኩ፤ ቁጭ አልኩ ከምል ወደቅኩ ብል ይሻላል።

ኅዳር ነውና ሰው አጨዳ ላይ ነበር። አንድ አዛውንት ገበሬ ማጭዳቸውን እንደያዙ እየሮጡ መጡ።

«አንቺ ልጅ! ማን አሳደደሽ?» አሉኝ ወደ መጣሁበት እያዩ።

«ማንም አላሳደደኝም አባቴ። ስፖርት እየሠራሁ ነው።»

«ስፖርት እንዲህ ነው? ፊትሽ እኮ አመድ መስሏል!»

ወባ ታምሜ እንደነበር ስነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። ከጀሪካን ውኃ ሰጡኝ፣ ትንሽ እስክረጋ አጠገቤ ተቀመጡ። «ልጄ፣ ወባ ከሰው ቢወጣም ጉልበቱን ይዞ ነው የሚወጣው። ጉልበት ደግሞ በአንድ ቀን አይበቅልም» አሉኝ። ሥራቸውን ትተው እስከ ከተማው መግቢያ ሸኙኝ።

በማግሥቱ ጤና ጣቢያ ሄጄ ስመረመር ሄሞግሎቢኔ 8.9 ሆኖ ተገኘ። በዓለም ጤና ድርጅት መለኪያ ነፍሰ ጡር ያልሆነች ሴት ከ12 በታች ከሆነች የደም ማነስ አለባት ይባላል። ገበሬው ያሉት በሌላ ቋንቋ የተነገረ ትክክለኛ ሕክምና ነበር ማለት ነው።

በዚያው ሳምንት የዶርም ጓደኛዬ ልትጠይቀኝ መጣች፤ የተመለሰውን የቤት ሥራዬንም ይዛልኝ ነበር። መምህራችን ያቺን የኮራሁባትን ዓረፍተ ነገር በቀይ እስክሪብቶ አስምሮባት ከጎኗ አንዲት ጥያቄ ብቻ ጽፏል፦ «ከሆስፒታሉ እስከ ቶኪዮ ያለው ጊዜ የት ገባ?»

አልጋዬ ላይ ሆኜ ደጋግሜ አነበብኳት። እኔን ማሳው ዳር የጣለኝ ያ ያልጻፍኩት ጊዜ ነው።

የተዘለለው መሐል

በእኛ ስፖርት ዘገባ ታሞ የተመለሰ አትሌት ታሪክ ብዙውን ጊዜ ሁለት ክፍል ብቻ አለው፦ ታመመ፣ አሸነፈ። በመካከሉ «ቆራጥነት»፣ «ወኔ»፣ «ሕመሙን ድል ነስቶ» የሚሉ ቃላት ይገቡና ክፍተቱን ይሸፍኑታል። አንባቢው የሚወስደው ትምህርትም ወኔ ካለ ሕመም ምንም አይደለም የሚል ይሆናል። ስለ አበበም በሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ ማታ ማታ ሶምሶማ ይል ነበር ተብሎ ይተረካል። ታሪኩ ጣፋጭ ነው። ነገር ግን የሚሰማው ሰው ሁሉ አበበ አይደለም፣ የታመመውም ሕመም የአበበ ሕመም አይደለም። ትርፍ አንጀት ሲወጣ የሚድን ቁስል ይተዋል። ወባ ግን ሯጭ የሚሮጥበትን ደም ራሱን ይበላል። እኔ ሁለቱን አንድ አድርጌ ነው የቆጠርኳቸው።

የአበበ የራሱ ታሪክም ቢሆን ሙሉውን ካየነው «ወኔ ሁሉን ያሸንፋል» አይልም። እ.ኤ.አ. በ1968 ሜክሲኮ ሲቲ ላይ ይኸው አበበ እግሩን ታሞ ማራቶኑን ጀመረ፤ 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ሲደርስ ግን አቋርጦ ወጣ። ውድድሩን በ2፡20፡26 ያሸነፈው ማሞ ወልዴ ነበር። ሰውየው ያው ነው፣ ወኔውም ያው ነው። የተለየው አካሉ የነበረበት ሁኔታ ነው። ቶኪዮን የሚያወራና ሜክሲኮን የሚዘል ዘጋቢ የታሪኩን ግማሽ ደብቋል።

ሌላ ምሳሌ ልጨምር። ኃይሌ ገብረሥላሴ አስም አለበት። እ.ኤ.አ. በ2008 የቤጂንግ ኦሊምፒክ ሲቃረብ የከተማዋ የተበከለ አየር እንዳይጎዳው ሰግቶ ማራቶኑን እንደማይሮጥ አስታወቀ። በ10,000 ሜትር ተወዳድሮም ስድስተኛ ወጣ። ከዚያ ስድስት ሳምንት ቆይቶ መስከረም 18 ቀን 2001 ዓ.ም. በርሊን ላይ ማራቶንን በ2፡03፡59 ሮጦ የራሱን የዓለም ክብረ ወሰን አሻሻለ። እዚህ ላይ ዜናው ክብረ ወሰኑ ብቻ ነው ወይ? እኔ እንደሚመስለኝ «አልሮጥም» ማለቱም ዜና ነው። ምን መቼ እንደማይችል ማወቅ የአትሌት ሙያ ክፍል ነውና።

ደሙ ምን ይላል?

አሁን ወደ አካላችን እንምጣ። የወባ ተሐዋሲ ቀይ የደም ሴል ውስጥ ገብቶ ይራባል፤ ፋልሲፓረም በ48 ሰዓት ገደማ ሴሉን አፍርሶ ይወጣና ወደ ሌላው ይገባል። ኦክስጂንን ከሳንባ ወደ ጡንቻ የሚያደርሰው ይኸው ሴል ነው። ጤነኛ ቀይ የደም ሴል 120 ቀን ያህል ይኖራል። ስለዚህ መድኃኒቱ ተሐዋሲውን በሦስት ቀን ቢያጠፋውም የጠፋውን ደም መተካት የሳምንታት ሥራ ነው። በዚህ ላይ የእኛ አገር ከፍታ ይጨመርበታል። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ በዚህ ከፍታ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጂን ከባሕር ዳርቻ ጋር ሲነጻጸር በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። ወደ ደብረ ታቦር፣ ወደ 2,700 ሜትር ገደማ ስንወጣ ደግሞ ከዚህም ይቀንሳል። ጤነኛ የደጋ ሰው ለምዶታል። ደም ያነሰው ሰው ግን ሁለት ጊዜ ይከፍላል።

ትኩሳት እያለ መሮጥ ደግሞ ጭራሽ የተለየ አደጋ አለው። የሰውነት ሙቀት በአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ ሲጨምር ልብ በደቂቃ ወደ አሥር ምት ያህል ትጨምራለች። አንዳንድ የቫይረስ ሕመሞች የልብን ጡንቻ ሊያስቆጡ ስለሚችሉም በዚያ ሁኔታ ላይ ሆኖ መሮጥ ለሕይወት የሚያሰጋበት ጊዜ አለ። «በላብ ይውጣልኝ» የሚለው የካምፓስ ፈሊጥ እዚህ ላይ ሊቆም ይገባል።

እኔ ከዚያ ውድቀት በኋላ የሄድኩበትን መንገድ ለሌላው ይጠቅም እንደሆነ በአጭሩ ላስቀምጥ።

1ኛ. የጠዋት የልብ ምቴን መቁጠር ጀመርኩ። ከአልጋ ሳልነሳ ለአንድ ደቂቃ። ጤነኛ ሳለሁ 60 ገደማ ነበር፤ በኅዳር ወር 78 ሆነ። ወደ ድሮው እስኪጠጋ ድረስ ላለመሮጥ ወሰንኩ።

2ኛ. የታዘዘልኝን የአይረን እንክብል በአግባቡ ዋጥኩ። ምስር፣ ሽሮና ጎመን ላይ ሎሚ እጨምቅ ነበር፤ ቫይታሚን ሲ አይረን ወደ ሰውነት እንዲገባ ያግዛልና። ቡናና ሻይ ከምግብ ጋር ሲወሰዱ ግን ይከለክሉታል። ስለዚህ እናቴን «ቡናው ከምሳ በኋላ አንድ ሰዓት ይቆይ» ብዬ ለመንኳት። በእኛ ቤት ይህን ማስፈጸም ሩጫውን ከመመለስ ይከብዳል።

3ኛ. በእርምጃ ጀመርኩ፤ ሃያ ደቂቃ። ከዚያ አንድ ደቂቃ ሶምሶማ፣ ሁለት ደቂቃ እርምጃ። ታናሽ ወንድሜ አብሮኝ ይወጣ ስለነበር መለኪያዬ ወሬ ነበር። እየሮጥኩ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር ካቃተኝ ፍጥነቱ በዝቷል ማለት ነው። በማግሥቱ ካልደከመኝ ብቻ ትንሽ እጨምራለሁ።

4ኛ. ደረት ላይ ሕመም፣ ያልተለመደ የልብ መምታት፣ ማዞር ወይም የትንፋሽ ማጠር ከተሰማኝ ቆሜ ወደ ጤና ጣቢያ እንደምሄድ ለራሴ ቃል ገባሁ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚለውን ተረት ልጅ ሳለሁ እስቅበት ነበር። አሁን አልስቅም።

ነፋሱ

ጥር መጨረሻ ላይ ሄሞግሎቢኔ 12.2 ደረሰ። የጠዋት ልቤም 62 ሆነች። የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ወንድሜን ጠርቼ ጫማዬን አሰርኩ። ነፋስ ነበር፤ ያውም አቧራና ገለባ የሚያነሳ።

«ዛሬስ አትወጪም!» አለች እናቴ በሩ ላይ ቆማ። «ንፋሱን አታይም? እንደገና ሊጥልሽ ነው?»

«እማዬ፣ የጣለኝ ወባ ነው። ወባን የምታመጣው ትንኝ ናት፣ ነፋስ አይደለም።»

«ሆ! ተማርን አሉ!» አለችና ነጠላዋን አውልቃ አንገቴ ላይ ጠመጠመችው። ፈቃድ መሆኑ ነው።

ይህ ከሰዓት በኋላ የሚነሳ ነፋስ ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። ቀን ፀሐይ ስትከር መሬቱ ከሐይቁ ውኃ ቶሎ ይሞቃል። በመሬቱ ላይ ያለው የሞቀ አየር ወደ ላይ ሲነሳ ቦታውን ለመያዝ ከሐይቁ በኩል ቀዝቀዝ ያለ አየር ይመጣል። ማታ ደግሞ ውኃው ሙቀቱን ይዞ ሲቆይ መሬቱ ቶሎ ስለሚቀዘቅዝ ነገሩ ይገለበጣል። ሐሙሲት ከጣና በስተምሥራቅ ስለሆነች የከሰዓቱ ነፋስ ወደ ምዕራብ የሚሄደውን ሰው ፊት ፊቱን ያገኘዋል። ደቡብ ጎንደር በአጠቃላይ ነፋስን ያውቃል። ከደብረ ታቦር ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ የተቀመጠችው የላይ ጋይንቷ ከተማ ስሟ ራሱ ነፋስ መውጫ ነው።

ለሯጭ የነፋስ ሒሳብ እንዲህ ነው። የአየር ግፊት ተቃውሞ የሚያድገው በፍጥነቱ ካሬ ነው። በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር የምትሮጥ ሰው ነፋስ በሌለበት የሚገጥማትን ተቃውሞ አንድ እንበለው። በዚያው ፍጥነት የሚመጣ ነፋስ ፊት ለፊት ከገጠማት አየሩ በ20 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ይመታታልና ተቃውሞው አራት እጥፍ ይሆናል። ስትመለስ ነፋሱ ከኋላዋ ነው፤ ተቃውሞው ዜሮ ይሆናል። ከአንድ ወደ አራት ወጥቶ የከፈለችውን ከአንድ ወደ ዜሮ ወርዶ አያካክስላትም። ስለዚህ በነፋስ ቀን ደርሶ መልስ የሮጠ ሰው ሰዓቱ ቢዘገይ ሰነፈ ማለት አይደለም። የረጅም ርቀት ሯጮች ከሌላው ኋላ ተጠግተው የሚሮጡትም ለዚህ ነው። እንግሊዛዊው የፊዚዮሎጂ ተመራማሪ ግሪፊዝ ፑ እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተመው ጥናት፣ በመካከለኛ ርቀት ፍጥነት ከሌላ ሯጭ አንድ ሜትር ኋላ የሚሮጥ ሰው የኦክስጂን ፍጆታው በ6.5 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል። የአትሌቲክስ ሕግም ነፋስን ያውቀዋል። በ100 እና በ200 ሜትር፣ በርዝመትና በሥሉስ ዝላይ ከኋላ የሚገፋው ነፋስ በሰከንድ ከ2.0 ሜትር ከበለጠ ክብረ ወሰን አይመዘገብም።

እኔ ግን ያን ቀን ሰዓት አልያዝኩም። ወንድሜ «ከኋላዬ ሁኚ፣ ነፋሱን እኔ ልያዝልሽ» አለኝ፤ አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው፣ ቁመቱ ደረቴ ጋር ነው። ስቄ እሺ አልኩት። ፊት ለፊት ጀመርን። ይህም የሯጮች የቆየ ምክር ነው፤ ሲወጡ ነፋሱን መጋፈጥ፣ በላብ ሲመለሱ ነፋሱን ከኋላ ማድረግ፣ ያለዚያ ላብ ላይ ብርድ ይገባል። ቀስ ብለን ነው የሮጥነው። ነጠላው ጆሮዬ ላይ ይንጠፋጠፋል፣ ገለባ ፊቴን ይጫወትበታል፣ ዓይኔ ያነባል። ደረቴን ገፋ አድርጌ ተደገፍኩበት፤ ነፋስ መደገፊያ ይሆናል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ልቤን አዳመጥኳት፤ ሥራዋን ትሠራለች እንጂ አትጮህም።

ማሳው ጋ ስንደርስ አጨዳው ቀርቷል፤ አውድማ ሆኗል። እኚያ አዛውንት ከልጆቻቸው ጋር ጤፉን በላይዳ ወደ ላይ እየበተኑ ያነፍሳሉ። እብቁ እንደ ጭስ ወደ ምሥራቅ ይሄዳል፣ ፍሬው እግራቸው ሥር ይወርዳል። ነፋሱን ከጠዋት ጀምሮ ሲጠብቁት ነው የዋሉት።

«ዛሬስ ማን አሳደደሽ?» አሉኝ ከሩቅ፤ አውቀውኛል።

«ነፋሱ ነው አባቴ!»

«እሰይ! እንኳን መጣ፤ ለእኛም ነው የመጣው!»

ቤት ውስጥ መስኮት የሚዘጋበት ነፋስ አውድማ ላይ እንግዳ ሆኖ ይጠበቃል። ለካ ነፋስ ጠላት ወይም ወዳጅ የሚሆነው የሚያገኘውን ሰው አይቶ ነው። ኅዳር ላይ ቢያገኘኝ ኖሮ እናቴ ልክ ነበረች።

ከዚያ ዞርን። ይህን ክፍል እንዴት እንደምገልጸው አላውቅም። ነፋሱ ከኋላችን ሲሆን ድንገት ሁሉ ነገር ጸጥ አለ። አየሩ ከእኛ እኩል ስለሚሄድ ፊታችን ላይ ምንም የለም። የጫማዬን ድምፅ፣ የወንድሜን ትንፋሽ፣ የራሴን ትንፋሽ እሰማለሁ። ከሁለት ወር በፊት የወደቅኩባትን ቦታ ሳልፍ ራሴን ሳላውቀው ወሬ እያወራሁ ነበር፤ ያውም ሙሉ ዓረፍተ ነገር። ወንድሜ «ለምን ትስቂያለሽ?» አለኝ። ምንም ምክንያት አልነበረኝም። ጠቅላላው አራት ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ድሮ ለማሟሟቂያ የምሮጠው ርቀት። ማንንም አልቀደምኩም፣ ምንም ድል አልነሳሁም። ደስታው ግን በውድድር አሸንፌ ከማውቀው ደስታ ይበልጥ ነበር።

ለዘጋቢ የሚቀሩ ጥያቄዎች

ከዚህ በመነሳት ታሞ የተመለሰን አትሌት ስናነጋግር ልንጠይቃቸው ይገባል የምላቸውን ጥያቄዎች አቀርባለሁ። ሕመሙ ምን ነበር፣ የጎዳውስ የትኛውን የአካል ክፍል ነው? ስንት ጊዜ አረፈ፣ «አሁን ጀምር» ያለውስ ማን ነው? ሊመለስ ሞክሮ ያልተሳካለት ቀን ነበር ወይ? ምን ያህል ውድድር ተወ? መጀመሪያ የሮጠበት ቀን ርቀቱ ስንት ነበር? ነፋሱና ከፍታውስ? በመጨረሻም፣ ደስ ያለው መቼ ነው? ይህችኛዋን ጥያቄ ከውድድር በኋላ ብቻ እንጠይቃታለን፤ መልሷ ግን ብዙ ጊዜ ማንም ባላየው ልምምድ ላይ የሚገኝ ይመስለኛል።

አንዳንድ ጓደኞቼ «ይህ ሁሉ ዝርዝር ዜናውን ያቀዘቅዘዋል፤ አድማጭ የሚፈልገው ድሉን ነው» ይሉኛል። በከፊል እስማማለሁ፤ የአንድ ደቂቃ የሬዲዮ ዜና ሁሉን አይዝም። ነገር ግን «ሕመሙን ድል ነስቶ» የሚለውን አውጥቶ «ለሁለት ወር አርፎ፣ በእርምጃ ጀምሮ» የሚለውን ለማስገባት የሚጨምረው ጊዜ ሁለት ሰከንድ ቢሆን ነው። ያቺ ሁለት ሰከንድ ሬዲዮ ከፍታ የምትሰማ አንዲት ታማሚ ተማሪን ከመንገድ ዳር ልታድናት ትችላለች።

ማጠቃለያ

የአበበን ጽሑፍ እንደገና ጽፌ አስገብቻለሁ። ቶኪዮም አለ፣ ሜክሲኮም አለ። ያቺን የኮራሁባትን ዓረፍተ ነገር ሰርዤ በምትኳ የሕመሙን ዓይነትና በቀዶ ሕክምናው እና በውድድሩ መካከል የነበሩትን ሳምንታት አስገባሁ። ጽሑፉ እንደ በፊቱ አያስጨበጭብም፤ የሚያነበው ሰው ግን ተነስቶ አይወድቅበትም።

ለአንባብያን የማስተላልፈው አጭር ነው። ከሕመም የተነሳችሁ አትቸኩሉ፤ ደማችሁ የራሱ የቀን መቁጠሪያ አለው። ሲሞላላችሁ ደግሞ ነፋስ ያለበትን ቀን አትለፉት፤ ሰዓታችሁን ቤት ትታችሁ፣ ፊት ለፊት ጀምራችሁ፣ ነፋሱን ከኋላ አድርጋችሁ ተመለሱ። እናቶቻችንን ግን በክርክር እናሸንፋለን ብላችሁ አታስቡ። ባለፈው ሳምንት ከባሕር ዳር ስንመጣ ሚኒባሱ ውስጥ መስኮቱን ትንሽ ገርበብ አድርጌ ነበር። እናቴ ከጎኔ ተቀምጣ ዝም አለች፤ እስከ ሐሙሲት ድረስ። ከኋላ ወንበር ግን ገና ከባሕር ዳር ሳንወጣ «ኧረ ዝጊልን!» አሉኝ። ዘጋሁት።